አዲስ የአካል ክፍል ከየት ይመጣል?



በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማር የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት በባዮሎጂ ክፍል ስለ ዝግመተ ለውጥ የሰማነውን ይዘን መጥተን ስንወያይ ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፤ «የእንስሳ ቁመት በጥቂት በጥቂቱ ሊጨምር፣ የጠጉሩም ቀለም ሊለወጥ ይችላል እንበል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ጨርሶ ያልነበረ የአካል ክፍል፣ ለምሳሌ ክንፍ፣ ከየት ሊመጣ ይችላል? ግማሽ ክንፍስ ምን ይጠቅማል?» የሚል ነው።

ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አይደለም፤ ከ150 ዓመት በፊት በታላላቅ ሊቃውንት መካከልም የተነሣ ነው። የሚያሳዝነው ግን የእኛ አያያዝ ነው። አንዳንዶቻችን በመጽሐፉ ያለውን ለፈተና ብቻ ሸምድደን፣ ከፈተናው ማግስት እንረሳዋለን። ሌሎቻችን ደግሞ መምህሩ ያላለውን እንዳለ አድርገን፣ «ሰው ከጭላዳ መጣ ይሉናል» እያልን በታናናሾቻችን ፊት እንናገራለን። የሚያምንም ሆነ የሚቃወም ሰው አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደሚል ማወቅ ይገባዋል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት አዲስ የአካል ክፍል እንዴት እንደሚገኝ የሚሉትን በትክክል ማስረዳት ብቻ ነው። ስለ ሥነ ፍጥረት አባቶቻችን የሚያስተምሩትን ከመምህራኖቻችን እግር ሥር ተቀምጠን የምንማረው ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ጥንታዊው ፊሳልጎስም ስለ እንስሳት ይናገራል፤ ዳሩ ግን እርሱ ከእንስሳው ጠባይ ለሰው ምግባር ምሳሌ የሚያወጣ ሲሆን፣ የእኛ የዛሬ ጥናት የሚመለከተው የእንስሳውን ገላ ራሱን ነው።

ለምሳሌም ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በየግቢያችን ከሚውለው ከመንዝ በግ እንጀምር።

የመንዝ በግ በርኖሱና ባናው የሚሠራበት ጠጉር እንዳለው ሁሉ ላትም አለው። ላት ለእኛ የታወቀ ነገር በመሆኑ የበግ ሁሉ ጠባይ ይመስለናል። ነገር ግን ከ10,000 ዓመት በፊት ገደማ በምዕራብ እስያ ለማዳ የተደረገው የዱር በግ ጅራት አጭርና ቀጭን ነበር፤ የዘመዶቹም ጅራት እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው። ላት ያለው በግ በሥዕል ተቀርጾ የተገኘው ከ5,000 ዓመት በፊት ገደማ በነበረው በመስጴጦምያ ነው። እንግዲህ ላት በበግ ገላ ላይ በኋላ የመጣ ነገር ነው ማለት ነው። አሁን የበዓል በግ ሲታረድ ላቱን ከፍታችሁ ተመልከቱ። በውስጡ ምን አለ? የጅራት አጥንት፣ ሥጋ፣ ቆዳና ስብ ነው። አጥንቱ ቀድሞም ነበር። ቆዳው ቀድሞም ነበር። ስቡም ቢሆን በኩላሊቱ ዙሪያና በሞራው የምናገኘው ያው ስብ ነው። በላት ውስጥ በሌላው የበግ ገላ የማይገኝ ምንም ዓይነት ሕዋስ የለም። የተለወጠው ስቡ የሚጠራቀምበት ቦታና መጠኑ ብቻ ነው። ከብዙ ጠቦቶች መካከል ጅራቱ ትንሽ ወፈር ያለው ሲወለድ፣ በድርቅ ወራት ከሌላው የተሻለ ስንቅ ይኖረዋል፤ ባለቤቱም ስቡን ስለሚወደው ያንን ጠቦት ለአውራነት ያስቀረዋል። የእርሱ ልጆች የአባታቸውን ይወርሳሉ። ይህ ለብዙ ሺህ ዓመት ሲደጋገም ላት የሚባል፣ የራሱ ስምና የራሱ ሥራ ያለው የአካል ክፍል ተገኘ።

በአጭሩ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት መልስ ይህ ነው፤ አዲስ የአካል ክፍል ከባዶ አይነሣም። ቀድሞ የነበረው ሲያድግ፣ ሲታጠፍ፣ ቦታ ሲለውጥ፣ ወይም ሌላ ሥራ ሲሰጠው የሚገኝ ነው። የድሮውን ቤት አፍርሶ በድንጋዩ ሌላ ቤት እንደሚሠራ ሰው ነው እንዳልል፣ ልዩነት አለው፤ እንስሳው ቤቱ ሲታደስም በውስጡ መኖሩን አያቋርጥም። በእያንዳንዱ ትውልድ ውስጥ ያለው ገላ በልቶ፣ ሸሽቶና ወልዶ ማደር የሚችል ሙሉ ገላ መሆን አለበት።

ለውጡ በገላ ውስጥ በምን መንገድ እንደሚሠራ ለማየት ደግሞ ወደ ወንዝ ዳር እንውረድ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ ረግረጋማ መስኮች በአገራችን ብቻ የሚገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይሰማራል። እግሩን የተመለከተ ሰው ጣቶቹ በቆዳ የተያያዙ መሆናቸውን ያያል፤ የዶሮ ጣቶች ግን የተለያዩ ናቸው። ምስጢሩ ያለው በእንቁላሉ ውስጥ ነው። የዶሮም፣ የዳክዬም፣ የሰውም ጽንስ እጅና እግር ማውጣት ሲጀምር መጀመሪያ የሚታየው እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ የሆነ ነገር ነው። ጣቶቹ በዚያ ውስጥ ሲዘረጉ በመካከላቸው ያለው ሥጋ ገና አልተለየም። በእኛና በዶሮ፣ በጣቶች መካከል ያሉት ሕዋሳት በጊዜው እንዲሞቱ ምልክት ይደርሳቸዋልና ይሞታሉ፤ ጣቶቹም ይለያያሉ። በዳክዬ ግን ግሬምሊን የተባለ ፕሮቲን ያንን ምልክት ስለሚያግደው ቆዳው በቦታው ይቀራል። በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ይህን ፕሮቲን በጫጩት ጽንስ እግር ላይ ቢጨምሩ፣ የጫጩቱ ጣቶች እንደ ዳክዬ በቆዳ ተያይዘው ቀሩ። ግሬምሊን በዶሮም ገላ ውስጥ አለ፤ ዳክዬው የጨመረው ፕሮቲኑ የሚሠራበትን ቦታ ብቻ ነው።

የሌሊት ወፍ ክንፍም ከዚሁ የራቀ አይደለም። ክንፉ እጅ ነው። አውራ ጣቱ አጭር ሆኖ ጥፍሩ ከላይ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ሌሎቹ አራት ጣቶች ግን እንደ ጥላ ዘንግ ረዝመዋል፤ በመካከላቸው ያለው ቆዳም በጽንስነቱ ሳይሞት ቀርቷል። ትከሻው፣ ክንዱ፣ የእጅ አንጓው፣ ጣቱ፣ ሁሉም ከእኛ እጅ ጋር በተራ ይመሳሰላል።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌያችን እንምጣ። ጣርማ በር ላይ፣ ወይም በአንኮበር ገደሎች አፋፍ፣ ወይም በመንዝ ጓሳ ያለፈ ሰው ሁሉ ጭላዳን ያውቀዋል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ጭላዳንና ጉሬዛን ለአውሮፓ ሊቃውንት ሲያስተዋውቅ የአገሬውን ስም እንዳለ ስለወሰደ፣ ሁለቱም በዓለም የሥነ እንስሳት መዝገብ እስከ ዛሬ በእኛው ስም ይጠራሉ። ይህን ከእኛ መካከል ስንቶቻችን እናውቃለን?

ጭላዳ ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁሉ የሚለይበት ነገር ኑሮው ነው። ሌሎቹ ፍሬ፣ ቅጠል፣ ነፍሳት፣ ያገኙትን ሲበሉ፣ የጭላዳ ዋና ምግብ ሣር ነው። ሌሊት በገደል ላይ ያድራል፤ ሲነጋ ወደ ሜዳው ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሣር ይለቅማል። ይህ አንድ የኑሮ ለውጥ ከእጁ እስከ ደረቱ ያለውን ገላውን ምን እንዳደረገው አንድ በአንድ መመልከት ይገባል።

አስቀድሞ እጁ። ላምና በግ ሣርን በምላስና በከንፈር ይግጣሉ፤ ጭላዳ ግን በእጁ ነው የሚለቅመው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጫፍ አንዷን የሣር ቅጠል ቆንጥጦ ይነቅላል፤ የነቀለውን በመዳፉ ይዞ ሌላ ይደግማል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ያስገባል። ለዚህ ሥራ አውራ ጣቱ ከሌባ ጣቱ አንጻር ሲታይ ረጅም ነው፤ ሌባ ጣቱ ደግሞ አጭር ነው፤ ስለዚህ ጫፍ ለጫፍ በደንብ ይገጥማሉ። ጤፍ የሚለቅም ሰው እጅ ይመስላል። ታዲያ የእጁን አጥንት ብንቆጥር ከቆላው ዝንጀሮ እጅ የሚበልጥ አንድም አጥንት አናገኝም። የተለወጠው ርዝመታቸው ብቻ ነው። በጥንት ጊዜ ከአንዲት እናት የተወለዱት ሁሉ እኩል ጣት አልነበራቸውም፤ የእኛ ወንድማማቾች ጣትም እኩል አይደለም። በበጋ ሣሩ ሲደርቅና ከመሬት ሥር ሥሩንና ኮረቱን መቆፈር ግድ ሲሆን፣ ጣቱ ጥቂት የተሻለ የገጠመለት ግልገል ጥቂት የበለጠ ይበላል፤ ጥቂት የበለጠ የበላችው እናት ደግሞ ጥቂት የበለጠ ወተት ይኖራታል። «ጥቂት» የሚለውን ቃል ደጋግሜ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ በሙሉ የቆመው በዚህች ቃልና በዘመን ብዛት ላይ ነው።

ሁለተኛ ጥርሱ። እናቶቻችን በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ መጁም ሆነ ወፍጮው በአገልግሎት ይልማል፤ ሲልም እህሉን ማድቀቅ ስለማይችል ይወቀራል። ሣር በውስጡ እንደ አሸዋ ጠንካራ የሆነ ቅንጣት ስላለው የሚበላውን እንስሳ ጥርስ ይፈጃል፤ ጥርስን ግን የሚወቅር የለም። የጭላዳ መንጋጋ ጥርሶች ረጅም ናቸው፤ ጠንካራው የጥርሱ ልባስም ወደ ውስጥ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ነው። ጥርሱ ሲበላ ልስልሱ ክፍል ቶሎ ይሸረሸርና ጠንካራው እጥፋት እንደ ስለት ብቅ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ወፍጮው በማለም ፈንታ እየተፈጨበት ራሱን ይወቅራል። የፊት ጥርሶቹ ደግሞ ፍሬ መግመጥ ስለሌለባቸው አንሰዋል። እዚህም ቢሆን ልባሱ የሌላው ዝንጀሮ ሁሉ ልባስ ነው፤ እጥፋቱ ነው የበዛው።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚያየው ግን ምክንያቱን የማይጠይቀው ነው። ጭላዳ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ሲለቅም አይነሣም፤ እንደ ተቀመጠ እየተንፏቀቀ ይሄዳል። የዝንጀሮ ወገን ሁሉ መቀመጫው ላይ ጠንካራ ቆዳ አለው፤ በጭላዳ ግን ይህ በስብ ተደግፎ እንደ ትራስ ሆኗል። በብዙ ዝንጀሮዎች ደግሞ ሴቷ ለመውለድ የደረሰችበት ወቅት የሚታወቀው ከኋላዋ በሚቀላው ቆዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል እንስሳ ግን ይህ ምልክት ከታች ተሸፍኖ ይቀራል። ጭላዳ በደረቱ ላይ ጠጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው፤ በሴቷ ደረት ጠርዝ ላይም ከወቅቱ ጋር እየጎሉና እየደበዘዙ የሚሄዱ እንደ ዶቃ የተደረደሩ እብጠቶች ይታያሉ። ምልክቱ ከኋላ ወደ ፊት የመጣው በመቀመጥ ብዛት ሳይሆን አይቀርም ሲሉ ብዙ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ይህ ግምት እንደ እጁና እንደ ጥርሱ በጥብቅ የተረጋገጠ አይደለም፤ ለእኔ ግን አሳማኝ ይመስለኛል። የወንዱ ደረት ቅላት በመንጋው ውስጥ ካለው ሥልጣን ጋር እንደሚሄድ ግን በጥናት ታይቷል።

በ2022 እ.ኤ.አ. የጭላዳ ሙሉ የዘረመል ጥናት ታትሟል። በዚህ ጥናት አየሩ ስስ በሆነበት ደጋ መኖር እንዴት እንደቻለ ሲመረመር፣ ደሙ ኦክስጅን የመያዝ ልዩ ኃይል እንዳለው አልተገኘም፤ ነገር ግን የደረቱ ዙሪያ ከሌሎች ዝንጀሮዎች አንጻር ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። (የሰሜን ተራሮች ጭላዳ 44 ክሮሞሶም ሲኖረው የእኛዎቹ የሸዋዎቹ 42 ናቸው፤ እነዚያ አንዱ ክሮሞሶማቸው ለሁለት ስለተከፈለ ነው።)

አንኮበር ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው እግሩ ሥር የአፋርን ቆላ ያያል። በዚያ ቆላ፣ በሐዳርና በመካከለኛው አዋሽ፣ እንዲሁም በደቡብ በኦሞ ሸለቆ፣ የጭላዳ ጥንታውያን ዘመዶች ቅሪተ አካል በብዛት ተገኝቷል። ወገኑ ከ4 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ጀምሮ ይታወቃል፤ በአንድ ዘመን በአፍሪካ ሁሉ ተስፋፍቶ እስከ እስፓኝና እስከ ሕንድ ደርሶ ነበር፤ ከመካከላቸውም ከዛሬው ጭላዳ እጅግ የሚገዝፍ ነበረ። ከጥንቱ ወደ ኋለኛው ንብርብር አፈር ስንመጣ በአንደኛው ዘር የመንጋጋ ጥርሶቹ እየተለቁና እጥፋታቸው እየበዛ፣ የፊት ጥርሶቹም እያነሱ መሄዳቸው በግልጽ ይታያል። ከዚያ ሁሉ ወገን ዛሬ በሕይወት ያለው የእኛው ጭላዳ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ በመጀመሪያ ያነሣሁትን «ሰው ከጭላዳ መጣ» የሚለውን አነጋገር እንመልስ። በ1974 እ.ኤ.አ. በሐዳር የተገኘችው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያላት ድንቅነሽ በኖረችበት አካባቢ የጭላዳ ወገንም ይኖር ነበር። ጎረቤታሞች እንጂ እናትና ልጅ አልነበሩም። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት የሚሉት የሰው ወገንና የዝንጀሮ ወገን የዘር ሐረግ ከ25 ሚሊዮን ዓመት በፊት ወይም ከዚያም ቀደም ብሎ ተለያይቷል ነው። ማንም ተመራማሪ ሰው ከጭላዳ ተወለደ አላለም። ሐሳቡን የማይቀበል ወንድም ቢኖር እንኳ ያልተባለውን ሲቃወም ጊዜውን ማጥፋት የለበትም።

ከአንኮበር በስተ ሰሜን ባለው በወፍ ዋሻ ደን ደግሞ ለጥናታችን የሚስማማ ሌላ እንስሳ አለ፤ ጉሬዛ ነው። ጭላዳና ጉሬዛ በአንድ ተራራ ላይ ይኖራሉ፤ አንዱ ከሜዳው ሣር፣ ሌላው ከዛፉ ቅጠል ይመገባል። የጭላዳ አውራ ጣት እንዲህ ሲጠነክር፣ የጉሬዛ አውራ ጣት ግን ጉጥ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የሳይንስ ስሙ «ኮሎቡስ» የተወሰደው ጎደሎ ወይም የተቆረጠ ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል አራቱን ጣቶች እንደ ሜንጦ ብቻ ስለሚጠቀምባቸው ሳይሆን አይቀርም ይባላል። በአንድ ዓይነት እጅ ላይ ተነሥቶ አንዱ ወደ ማጠንከር፣ ሌላው ወደ ማጥፋት ሄደ።

ሆዳቸውም እንዲሁ ተለያይቷል። ሣርና ቅጠል በራሱ የማይፈጭ ስለሆነ ሁለቱም ምግቡን የሚያብላሉላቸው ጥቃቅን ተሕዋስያን ያስፈልጓቸዋል። ጭላዳ ይህን የሚያደርገው እንደ ፈረስና እንደ አህያ በኋለኛው አንጀቱ ነው። ጉሬዛ ግን ጨጓራው ሰፍቶና በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ወደ ላም ጨጓራና ሽንፍላ የሚጠጋ ነገር ሆኗል። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው፣ በእንባችንና በምራቃችን ውስጥ ጀርሞችን የሚፈጅ ሊዞዛይም የሚባል ፕሮቲን አለ። በላም ጨጓራ ውስጥ ይኸው ፕሮቲን ተሕዋስያኑን ራሳቸውን ለመፍጨት ይሠራል። በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የጉሬዛ ዘመድ በሆነው ላንጉር በተባለው የእስያ ዝንጀሮ ጨጓራም ያው ሊዞዛይም ለዚሁ ሥራ ተሰማርቶ እንደሚገኝ፣ በላምና በላንጉርም ለየብቻቸው ተመሳሳይ ለውጥ እንደደረሰበት አሳየ። የዓይን ጠባቂ የነበረ የሆድ ሠራተኛ ሆነ።

ወደ «ግማሽ ክንፍ» ጥያቄ እንመለስ። ዳርዊን መጽሐፉን በ1859 እ.ኤ.አ. ካሳተመ በኋላ በ1871 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ጊዮርጊስ ማይቫርት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት አጥኚ (ቅዱስ ጊዮርጊስ የክርስትና ስሙ ነው) ይህንኑ ጥያቄ አጥብቆ ጠየቀ፤ አንድ የአካል ክፍል ገና ጅምር ሳለ ምን ይጠቅማል? ዳርዊን በ1872 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጽሐፉ 6ኛ እትም ሰፊ መልስ ሰጠው። መልሱም ባጭሩ፤ ጅምሩ ለኋለኛው ሥራ አይጠቅም ይሆናል፤ ለሌላ ሥራ ግን ይጠቅም ነበር የሚል ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በቻይና የተገኘው ሲኖሳውሮፕተሪክስ የተባለው ዳይኖሰር ይህን የሚያጠናክር ነው። ገላው የላባ ጅምር በሚመስል ጭገር ተሸፍኗል፤ እጁ ግን አጭር ስለነበረ መብረር አይችልም። ብርድ ለመከላከል ወይም ለመታየት ሊጠቅመው ይችላል፤ ለበረራ አልነበረም። ስለዚህ ላባ ከበረራ በፊት ነበረ።

የጆሯችን ነገር ግን ከላባም ይበልጣል። ከታምቡሩ በስተ ውስጥ ድምፅን የሚያስተላልፉ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አሉን፤ የእንሽላሊት ወገን አንድ ብቻ አለው። ሁለቱ ከየት መጡ? በ1837 እ.ኤ.አ. ካርል ራይኸርት የተባለ ጀርመናዊ ጽንስ ሲመረምር፣ በእንሽላሊት ወገን የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ የሚያጋጥሙት አጥንቶች በእኛ ዘንድ ወደ ጆሮ የሚገቡት ሁለቱ መሆናቸውን አየ። «ታዲያ አጥንቶቹ ከመንጋጋ ወደ ጆሮ ሲሄዱ እንስሳው በምን ያኝክ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ ከድንጋይ ውስጥ ወጣ። የአጥቢዎች ቅድመ አያት የሆኑ፣ አሮጌውና አዲሱ የመንጋጋ መጋጠሚያ ጎን ለጎን የሚሠሩባቸው እንስሳት ቅሪተ አካል ተገኝቷል። አዲሱ ማጠፊያ ሥራውን ሲረከብ አሮጌው ለመስማት ብቻ ነፃ ሆነ። በሩ አንድ ቀን እንኳ ያለ ማጠፊያ አልዋለም።

እነዚህ ሁሉ የረጅም ዘመን ነገሮች ናቸው። በሰው ዕድሜ የታየ ነገር የለምን? በ1971 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች፣ ዛሬ በክሮኤሽያ ግዛት ባሉ የአድርያቲክ ባሕር ትንንሽ ደሴቶች መካከል፣ 5 ጥንድ እንሽላሊቶችን ከፖድ ኮፒሽቴ ወስደው ፖድ ሚርቻሩ ላይ ለቀቁ። በቀድሞ ደሴታቸው ይበዛ የነበረው ምግባቸው ነፍሳት ነበር፤ በአዲሷ ደሴት ግን ተክል በብዛት መብላት ጀመሩ። ከ36 ዓመት ያህል በኋላ ሲመረመሩ ራሳቸው ሰፍቶ፣ የመንከሳቸው ኃይል ጨምሮ ተገኘ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንጀታቸው ውስጥ ምግብን የሚያዘገይ፣ በዚያ የእንሽላሊት ወገን እምብዛም የማይታይ እንደ መጋረጃ ያለ እጥፋት ተገኘ። ጥናቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የተላለፈ፣ ምን ያህሉስ በምግቡ ምክንያት በእያንዳንዱ እንሽላሊት ገላ ላይ የሚበቅል እንደሆነ ክርክሩ አላለቀም። ሆኖም ነገሩ እንደ ጭላዳ ነው፤ ምግብ ሲለወጥ ሆድም ይለወጣል፤ የሚለወጠውም በነበረው ላይ ነው።

የእንሽላሊቷ እጥፋት 36 ዓመት ፈጀባት፤ የጭላዳ እጅና ጥርስ ግን በሚሊዮን ዓመታት የተሠራ፣ ከአንድ ዓይነት ኑሮ ጋር ብቻ የሚገጥም መሣሪያ ነው። ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችን በልጅነታችን በገብስ ማሳ ዳር ወንጭፍ ይዘን ጭላዳ ስንጠብቅ ያደግን ስለሆነ ነው። ጭላዳ ገብስ እንደሚያጠፋ አልክድም፤ የገበሬው ድካም እውነት ነው። ግን ማሳው ዛሬ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ መታረሱንም ማየት አለብን። ከገደሉ ሲወጣ ይጋጥ የነበረው ሣር በታረሰ ቁጥር፣ ያ ለሣር የተሠራ ጣት የሚያገኘው ገብስ ብቻ ነው። ተራራው ደግሞ ጫፍ አለው፤ እርሻው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እርሱ የሚሸሽበት ሌላ ከፍታ የለም።

በመንዝ ግን ሣሩን ያቆዩ ሰዎች ነበሩ። ጓሳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የአገር ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ሣሩ እስኪያገግም 3 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 5 ዓመት ድረስ ለማጨድም ለግጦሽም ይዘጋል፤ ከዚያም በቀኑ ተከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ጓሳ ይታጨዳል። ሥርዓቱ ከ1975 እ.ኤ.አ. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ቢቋረጥም፣ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ በአዲስ መልክ ደንብ አቁሞ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ይጠብቃል። እዚያ የሄደ ሰው በመቶ የሚቆጠሩ ጭላዳዎች ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሲለቅሙ፣ ቀይ ቀበሮም በመካከላቸው ሳይባረር አይጥ ሲያድን ያያል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚለው ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራ 25 ያህሉ ሲሳካለት፣ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲሆን ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል።